ውሃ እምቢ ያለው ጃኬት

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው እጅጋየሁ መኝታ ቤት ተደብቃ የሰማችው አንድ ቃል ነው። ተደብቃ ስል እሷ አትስማኝ እንጂ፣ "ጋደም ብዬ ነበር" ነው የምትለው። በቀትር፣ ያውም በአርባ ምንጭ ሙቀት፣ ጫማውን ሳያወልቅ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጋደም የሚል ሰው ካለ እስቲ ትንገረን! የውጭው በር ሲንኳኳ በመስኮት አየች፤ የምራቷ የባርኮት አባት ነው፤ ከጨንቻ ፖም በማዳበሪያ ተሸክሞ መጥቷል። ዞር ሳትል ወደ ውስጥ ሮጠች። ባሏ ፈቃደ ሳሎን ውስጥ ሬዲዮውን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ብቻውን ቀረ፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንግዳ መቀበልም ሆነ ውሸት መዋሸት የሱ ሥራ ሆኗል። እሷ በሩን ገርበብ አድርጋ ጆሮዋን ሰጠች።

"ወይዘሮ እጅጋየሁ ደህና ናቸው?" አለ እንግዳው።

"ደህና ናት። ራሷን ትንሽ አሟት ተኝታለች" አለ ፈቃደ፤ ሲዋሽ እንደ ልማዱ ድምፁ ቀጥኖ።

"እግዚአብሔር ይማራቸው። ሙቀቱም ከባድ ነው፤ እኔም ይቺን ጃኬት ለብሼ ከደጋ ወርጄ ተቃጠልኩ። ሲቀላ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ አለብኝ፤ እዚያው አድራለሁ። እዚህ ልተዋት? ነገ ወደ ማታ ስመለስ እወስዳታለሁ።"

"ተወው፤ ምን ችግር አለው። እንዳይጠፋ ውስጥ እናስገባዋለን።"

እንግዳው ሳቅ አለ። "አትጠፋም፣ ጋሽ ፈቃደ። የሸማኔ ልብስ ማን ይወስዳል?"

ይቺ ናት ቃሏ። እጅጋየሁ ብርድ ልብሱ ውስጥ ፊቷ ነደደ። ሰውዬው ቀልዱን ተናግሮ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ፤ እሷ ግን እስኪመሽ ከአልጋው አልተነሳችም፤ አሁን እውነትም ራሷን አሟት ነበር። ምክንያቱም ባለፈው ዓመት በልጇ በማራኪ ሠርግ ላይ፣ ጨንቻ ድንኳን ውስጥ፣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ወዳጇ ጎንበስ ብላ "አባትየው ሸማኔ ነው አሉኝ፤ ምነው ልጄ ሰው አጣ?" ብላ ነበር። መዘምራኑ እየዘመሩ ስለነበር ማንም አይሰማኝም ብላ ነው። መዘምራን ደግሞ መቼ ትንፋሽ እንደሚወስዱ አይታወቅም፤ ልክ "ሸማኔ" ስትል ድንኳኑ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ አልሰማም፣ አልሰማም እያለች ራሷን ስታጽናና ነው የከረመችው። ለካ ሰምቷል። ሰምቶም፣ ፖም ተሸክሞ መጣ።

ነገሩ ሐሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ እጅጋየሁ ችላ ትኖር ነበር፤ ችላ የኖረችው ብዙ ነው። የከበዳት ግን ሌላ ነው። ባርኮት የመውለጃዋ ወር ገብቷል። የመጀመሪያ ልጅ ነውና እንደ ወጉ አባቷ ቤት ጨንቻ ወጥታለች፤ ግን እናት የላትም፤ በልጅነቷ ነው የሞተችባት። ታዲያ ማን ገንፎ ያገንፋላት? ማን ወገቧን ይሽላት? እጅጋየሁ ቅቤውን አንጥራ፣ የገንፎውን እህል አስፈጭታ፣ ለልጁ መጠቅለያ ፎጣ አጥባ ከተኩሳ ጓዳ ካስቀመጠች ቆየች። የቀራት "ነይ" የሚላት ሰው ነው። ሰድባ የወጣችበት ቤት ሳትጠራ እንዴት ትገባለች? ማራኪም ከሚያስተምርበት ከተማ በስልክ "እስቲ አባትየውን ላማክር" ብሎ ዝም ካለ ሰነበተ። የልጅ ልጇ እዚያ ተራራ ላይ ሊወለድ ነው፤ እሷ ደግሞ እዚህ ሴቻ ሰፈር ቅቤ ታቅፋ ልትቀመጥ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ባልና ሚስት ቁርስ በሉ። ጃኬቱ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ እንደ ድንኳን ሸራ ወፍራም፣ ጉልበት የሚደርስ፤ ሰውዬው ወንጌል ሊሰብክ በጭጋግ ውስጥ መንደር ለመንደር ሲዞር የሚለብሰው እሱን ነው፤ ማራኪ እንደሚለው በጨንቻ መንገድ ሰውዬውን ከፊቱ በፊት በጃኬቱ ነው የሚያውቁት። እጅጋየሁ ሳህኑን ስታነሳ በአጠገቡ አለፈችና እጅጌውን ዳሰስ አደረገችው። ጣቷ ላይ ቅባት ቀረ። አሸተተችው፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ ሌላም ነገር። ቆም ብላ በጥፍሯ ፋቅ ብታደርገው ከጥፍሯ ሥር ቢጫ ነገር ገባ።

"በስመ አብ! ይሄ ሁሉ ዕድፍ!" አለች።

ወዲያው ልቧ ውስጥ አንድ ነገር ቀለለ። መንገዱ ተገኘ! ይቅርታ ጠይቂ ቢሏት ምላሷ ይታሰራል፤ እጠቢ ቢሏት ግን በዚህ ከተማ የሚያክላት የለም። አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ፣ እንደ አዲስ አድርጋ ብታስረክበው ሰውዬው ምን ይላል? ሴትየዋ ልቧ ንጹሕ ነው ይላል። ከዚያ "እስቲ ብቅ ይበሉ" ይላል። አለቀ። ፈቃደ ከተቀመጠበት "ጃኬቱ ይታጠባል? እርግጠኛ ነሽ፣ እጅጌ?" ቢላት "የማይታጠብ ልብስ የት አገር አይተሃል?" ብላ ሳፋዋን ይዛ ወጣች።

የዚያን ዕለት እጅጋየሁን የሰማ ጎረቤት ከሰው ጋር የተጣላች መስሎት ነበር። ጃኬቱ ውሃ እምቢ አለ። ሳፋው ውስጥ ሲነከር ተንሳፈፈ፤ ስትጫነው በሌላ በኩል ብቅ አለ፤ በጆግ ስታፈስበት ውሃው እየተንከባለለ ወርዶ እግሯን አራሰው። "ና እንጂ! ግባ እንጂ! ምን ዓይነት ልበ ደንዳና ነህ!" ትላለች። ዱቄት ሳሙና ጨመረች፤ አረፋው ላዩ ላይ ተቀምጦ ያያታል። እንዲህስ ከሆነ ብላ ትልቁን ድስት ጣደችና ውሃ አፈላች። የፈላ ውሃ፣ ሳሙና፣ የምንጣፉ ብሩሽ፤ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ላብ በአፍንጫዋ እየወረደ ፈተገችው። ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ላይ ያሉት ጦጣዎች ሳይቀሩ መብላት ትተው ያዩዋት ነበር። ሁለተኛው ድስት ላይ ውሃው ደፈረሰ፤ ላዩ ላይም እንደ ሾርባ ቅባት ቢጫ ነገር ሰፈፈ። በሦስተኛው፣ ሸራው ድንገት ለስለስ አለና ውሃውን ምጥጥ አድርጎ ጠጣ።

"ጠጣ! በመጨረሻ ጠጣ!" ብላ ጮኸች። ፈቃደን ጠርታ ሳፋውን አሳየችው። "ይኸውልህ! ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚዞር። እናት የሌላት ልጅ፣ ሚስት የሌለው ሰው፣ ማን አጥቦለት?" ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከልቧ ነው። ፈቃደ የሰፈፈውን ነገር አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ወደ ሬዲዮው ተመለሰ።

ጃኬቱን ገመድ ላይ ሰቀለችው። በጠዋት ብቻውን ሊቆም ምንም ያልቀረው ልብስ አሁን እንደ ጠወለገ ጎመን ተዝለፍልፏል፤ ቀለሙም ነጣ ብሏል። ፀሐዩ በአንድ ጊዜ አደረቀው። እሷም ወገቧን ይዛ ሥራዋን ስታደንቅ፣ ከጨንቻ በኩል አንድ ብጣሽ ደመና ወርዶ በአናቷ ሲያልፍ ትንሽ አካፋ። የሚያዝያ ዝናብ ነው፤ እዚህ ሲያካፋ እዚያ ላይ ይዘንባል። ጠብታዎቹ ጃኬቱ ላይ አረፉ፤ አረፉና፣ ቅድም እንደነበረው አልተንከባለሉም። እያንዳንዷ ጠብታ ጥቁር ነጥብ ሆና ሰመጠች። እጅጋየሁ በጣቷ ብትነካው ርጥብ ነው። ቀስ ብላ ወደ ቤት ገባች።

"ፈቃደ፣ የዝናብ ልብስ… ውሃ ይጠጣል እንዴ?"

ፈቃደ ሬዲዮውን ቀነሰ። ዕድሜውን ሁሉ ትምህርት መምሪያ ውስጥ ደብዳቤ ሲያረቅ የኖረ ሰው ነው፤ መልስ ከመስጠቱ በፊት ለሚመለከተው ክፍል ይመራል። "ማራኪን እንጠይቀው" አለ። መነጽሩን አድርጎ፣ በአንድ ጣቱ፣ "የአማትህ ጃኬት ታጥቧል፤ ምን ይደረግ?" ብሎ ላከ። መልሱ እስኪመጣ ሁለቱም ስልኩን ከበው ተቀመጡ። ማራኪ ክፍል ውስጥ እያስተማረ ኖሮ መልሱ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው፤ እንደ ዘመኑ ልጆች አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፈው። ፈቃደ ፊደል በፊደል አነበበ፤ "ደውዬላቸው ነበር። ከታጠበ… ኤስ፣ ኢ፣ ኤም… ስም። ስም ያስፈልገዋል ብለዋል።"

"ምን አልክ?"

"ስም ያስፈልገዋል።"

"ጃኬቱ?"

"እንግዲህ ስብሰባ ቦታ ብዙ ሰው አለ፤ እንዳይለወጥበት ይሆናላ" አለ ፈቃደ፤ ትምህርት መምሪያም ጃንጥላዎች ሁሉ ስም ይጻፍባቸው ነበር።

እጅጋየሁ ግን የጃንጥላ ነገር አልመሰላትም። ስም ያስፈልገዋል። እሷ ይህን ሰው አንድ ቀን በስሙ ጠርታው ታውቃለች? ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ ሠርግ ተደግሶ፣ ልጅ ሊወለድ፤ እስከ ዛሬ "ሰውዬው" ነው፣ "የልጅቷ አባት" ነው፣ "ያ ጨንቻ ያለው" ነው። ያችን የሠርጉን ቃል ብትቆጥር እሷም ስም አይደለችም። ሰውዬው እንግዲህ አዋቂ ነው፤ አልተቆጣም፣ አልተጣላም፤ ስሜን ጻፊ ነው ያላት። በጨዋ ደንብ ልኳን ነገራት! አፈረች፤ እፍረቷም ውስጥ ደስታ ነበረበት፤ ምክንያቱም የጠየቃት ነገር የምትችለው ነው። በሴቻ የእጅጋየሁን ጥልፍ የማያውቅ ሴት የለም።

ከሳጥኗ ሥር ለልጁ መጠቅለያ ብላ የቆጠበችውን ወርቅማ ክር አወጣች፤ ክር ዛሬ እንደሚሸጥበት ዋጋ ለጃኬት የሚወጣ አልነበረም፤ ይውጣ አለች። ጨርቁን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ደረቱ ላይ በሳሙና ጫፍ መስመር አሰመረች። ከዚያ ቆመች። ምን ብላ ትጻፍ?

"'ወንጌላዊ አጵሎስ' በይዋ፤ ማዕረጉ ነው" አለ ፈቃደ።

"እኔ የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ፣ በገዛ እጄ 'ወንጌላዊ' ብዬ? ሙቺ በለኝ!"

"እሺ፣ 'አቶ አጵሎስ'።"

"የቢሮ በር ነው እንዴ?"

"በቃ 'አጵሎስ'።"

"ተማሪ ቤት እንደሚሄድ ሕፃን!" አለች፤ ፈቃደም እጁን ሰጠና ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። እሷ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ አስገብታ ብዙ ካሰበች በኋላ፣ ማንንም ሳታማክር፣ "ወንድሜ አጵሎስ" ብላ በእርሳስ ነደፈች። ስትነድፈው ትንሽ ብርቅ ሆነባት። ወንድም ነበራት፤ ደብረ ታቦር ነው የተቀበረው፤ ከእሱ ወዲህ ይቺን ቃል ለማንም አውጥታ አታውቅም። ሸራው ወፍራም ስለነበር መርፌው እምቢ አላት፤ ተሰበረ፤ ሁለተኛውም ተጣመመ። ውሃ እምቢ ብሎ መርፌ እምቢ! እሷ ግን ወስፌዋን አመጣች፤ ሰፌድ የምትሰፋበትን፤ በወስፌ እየበሳች፣ በቀዳዳው ክሩን እያሳለፈች፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። "ሎ" ላይ ስትደርስ ክርኑ ላይ የነበረ አንድ ጥጋኝ አየች። ሸራው ተቀዶ ኖሮ የጠገነው ሰው ቁራጭ አልለጠፈበትም፤ ክር በክር፣ ድርና ማግ አድርጎ፣ ቀዳዳውን ሸምኖ ነው የዘጋው። በጣቷ ስትሄድበት ድንበሩ አይታወቅም። "እንዴት ያለ እጅ ነው!" አለች ብቻዋን፤ ክር የሚወድ ሰው ክር የሚወድ ሰው ሲያገኝ እንደሚለው።

ጨርሳ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ወንበር ላይ ስታስቀምጠው ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ መጣ፤ የቆርቆሮው ጩኸት ሬዲዮውን ዋጠው። በሩ ሲንኳኳ እጅጋየሁ ወደ መኝታ ቤት አየች፤ ከዚያ ፀጉሯን ነካ ነካ አድርጋ ራሷ ከፈተች። አጵሎስ ራሱ ላይ ፌስታል አጥልቆ፣ ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቆ ቆሟል።

"ወይዘሮ እጅጋየሁ! ተሻለዎት?"

"ተሽሎኛል። ይግቡ፣ ይግቡ። እንዴት ያለ ዝናብ ነው!" አለችና ፎጣ ሰጠችው። ከዚያ በሁለት እጇ፣ ስጦታ እንደሚሰጥ፣ ጃኬቱን አቀረበችለት። እሱም በሁለት እጁ ተቀበለ። ዘረጋው። ወርቁ በመብራቱ አበራ። አጵሎስ አነበበ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ለሁለተኛ ጊዜ አነበበ። ጣቱን በፊደሎቹ ላይ አስኬደው፤ ከዚያ ጣቱ ከፊደሎቹ አልፎ ሸራውን ዳበሰ፤ ግንባሩም ቀስ እያለ ተቋጠረ።

"እውነትም ታጥባለች" አለ።

"እንዴታ! ዕድፉ ሁሉ ለቀቀ። ሦስት ድስት ውሃ ነው የፈጀሁት!"

"ሰሟስ?" አለ አጵሎስ፤ ለጃኬት "እሷ" ማለት ልማዱ ነው።

"ስሙማ ይኸው ደረቱ ላይ! አያዩትም እንዴ?"

"ይሄንን አየሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስም አይደለም፣ ሰም። የንብ ሰም። ሰም ካልጠጣች ውሃ ትጠጣለች። በየዓመቱ ዝናብ ሳይገባ እቀባታለሁ። ለማራኪም በስልክ ነገርኩት፤ ከታጠበች ሰም ያስፈልጋታል ብዬ።"

ፈቃደ ስልኩን አፈፍ አደረገ። መነጽሩን ከፍ ዝቅ አደረገ። "ኤስ፣ ኢ፣ ኤም…" አለ። "ሰም… ስም… ሰም። አይ የኔ ነገር! ሰምም ይላል እኮ!" ከዚያ ሆዱን ይዞ ይንፈቀፈቅ ጀመር። "ቅኔ ነው እኮ የሆነው፣ እጅጌ! ሰውዬው ሰም ጠየቀ፣ አንቺ ወርቅ ሰጠሽው!"

እጅጋየሁ አልሳቀችም። ጥፍሯ ሥር የገባው ያ ቢጫ ነገር፣ ሳፋው ላይ የሰፈፈው፣ ዕድፍ ብላ ያለቀሰችለት! ወንበር ስባ ተቀመጠች። አጵሎስ ጃኬቱን ወደ መብራቱ ሲያነሳው ደግሞ የባሰው መጣ፤ በእያንዳንዱ ፊደል ዙሪያ የወስፌው ቀዳዳ እንደ ወንፊት ያበራል። "ውሃው በዚህ በኩል ይገባል" አለ በቀስታ፤ እንደ መውቀስም አይደል።

"እፈታዋለሁ! አሁን እፈታዋለሁ!" ብላ ብድግ ብላ መቀሷን አነሳች። አጵሎስ መዳፉን በጃኬቱ ደረት ላይ፣ በፊደሎቹ ላይ ጫነ።

"አይነካም" አለ። "ቤተ ክርስቲያን ሁሉም ሰው 'ወንድም አጵሎስ' ይለኛል፤ ለሁሉም የሚባል ነው። 'ወንድሜ' ብሎ የጻፈልኝ ግን የለም። አይነካም።"

መቀሱ እጇ ላይ ቀረ። ውጭ ዝናቡ ብሶበታል፤ ሰውዬው ደግሞ ዛሬ ጨንቻ መግባት አለበት፤ ልጅቷ ብቻዋን ናት። ሱቅ ሰም አይሸጥም። የፓራፊን ሻማ ቢሆን ይሰነጠቃል፤ አይሆንም አለ አጵሎስ። የንብ ሰም ነው የሚያስፈልገው። በዚህ ቤት ውስጥ የንብ ሰም ያለው ደግሞ በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እጅጋየሁም የት እንደሆነ ታውቃለች። ለነገው ሚካኤል ብላ የገዛችው ጧፍ፣ ንጹሕ ሰም፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሥዕሉ ሥር ተቀምጧል። መኝታ ቤት ገባች። ቆመች። ሥዕሉን አየችው። "ሚካኤል ሆይ፣" አለች በሹክሹክታ፣ "አንተ ክንፍ አለህ፤ ይሄ ሰውዬ በእግሩ ነው የሚሄድ። ሌላ እገዛልሃለሁ።" ጧፉን ይዛ ስትወጣ ፈቃደ ሳቁን አቆመ። አጵሎስም ምን እንደሆነ አውቋል፤ ራሱን ዝቅ አደረገ።

ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው ሥራ ያዙ። እሷ ጧፉን በሸራው ላይ እየፈተገች ሰሙን ትለቀልቃለች፤ እሱ ካውያውን ይዞ በስስ ጨርቅ ላይ ቀስ እያለ ያስኬዳል፤ ሰሙ እየቀለጠ ይሰምጣል፤ ሸራውም ጠቆር እያለ ወደ ጠዋቱ መልኩ ይመለሳል። ቤቱ የማር ሽታ ሸተተ። እጅጌውን ጨረሱ፤ ጀርባውን ጨረሱ። ፈቃደም ለመጀመሪያ ጊዜ ሬዲዮውን ዘግቶታል። ደረቱ ላይ ሲደርሱ እጅጋየሁ ጧፉን በፊደሎቹ ላይ እያመላለሰች፣ ቀና ሳትል፣ "በሠርጉ ዕለት ያልኩትን ሰምተዋል" አለች።

"ሰምቻለሁ።"

ካውያው ሄደ፣ ተመለሰ።

"ሸማኔ መባሌ አልከፋኝም" አለ አጵሎስ። "ሸማኔ ነኝ። አባቴም ሸማኔ ነበር፤ ባርኮትን ያስተማርኳት በዚያ ነው። ቃሉ ደህና ቃል ነው። የከፋኝ እርስዎ ያሉበት ድምፅ ነው።"

እጅጋየሁ ጧፉን አስቀመጠች። እንባዋ ሰሙ ላይ ጠብ አለ፤ ጠብታዋም ሳትሰምጥ ተንከባለለች። "ይቅር ይበሉኝ" አለች። "በጣም ነው ያፈርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ያፈርኩት።"

"ይቅር ብያለሁ" አለ፤ ካውያውን እየገፋም፣ "ቶሎ ግን አልነበረም" አለ። እሷም በዚህ ከቀደመው ይልቅ አመነችው። ካውያውን ነቅሎ አስቀመጠ። ጃኬቱን ገልበጥ አድርጎ ከውስጥ አየው፤ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል።

እጅጋየሁ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ያሰበችው ሌላ ብዙ ነገር ነበር፤ ስለ ቅቤው፣ ስለ ገንፎው፣ የመጀመሪያ ልጅ እንዴት እንደሚያስጨንቅ፣ እናት ስለሌላት ልጅ። ሁሉም ጠፋባት። "ልምጣ?" አለች ብቻ።

አጵሎስ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። "መንገዱ ጭቃ ነው" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ዶርዜ ከታለፈ በኋላ ጭጋጉ ፊት አያሳይም። ቤታችንም ብርድ ነው፤ እንደ እዚህ አይደለም። ለቆላ ሰው አይሆንም።"

እጅጋየሁ ገባት። ጨዋ ሰው እንዲህ ነው እምቢ የሚል። ራሷን ዝቅ አድርጋ የጧፉን ቁርጥራጭ ከጠረጴዛው ላይ መልቀም ጀመረች። ትከሻዋ ላይ አንድ ከባድ ነገር ሲያርፍ ደንግጣ ቀና አለች። ገና ያልቀዘቀዘ፣ ከካውያው የሞቀ ሸራ ነው። አጵሎስ ጃኬቱን ደርቦላት አንገትጌውን ሲያስተካክል ነበር።

"ስለዚህ ይቺን እርስዎ ይልበሱ" አለ። "እኔ ብርዱን ለምጄዋለሁ። ቅቤና ዱቄት እንዳዘጋጁ ማራኪ ነግሮኛል፤ ያምጡልኝ፣ እሸከማለሁ። ቶሎ እንበል፤ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠን።"

ፈቃደ አንዱን ሲያይ አንዷን ሲያይ ቆየና "እኔስ? ራቴን ማን ይሰጠኛል?" አለ። እጅጋየሁ ግን እስከ ጉልበቷ በሚደርስ ጃኬት ውስጥ፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በዝናቡ መካከል ባጃጅ እየጠራች ነበር።